ሦስት የፕሪም ችግኝ ገዝቼ አምስት ዓመት ካቆየሁ በኋላ

ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 3 ቀን፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ከጓሮዬ አንድ ባልዲ ሙሉ ፕሪም ለቀምኩ። በማግስቱ ሌላ ግማሽ ባልዲ። ደብረ ብርሃን ላይ ጓሮ ውስጥ ፕሪም ሲያፈራ ያላየ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በራፌ ላይ ቆሞ "እውነት እዚሁ የበቀለ ነው?" የማይለኝ ጎረቤት የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እትዬ፣ ችግኙን ከየት ገዙት? ለኔስ ግቢ ይሆናል?" ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ግማሹን ከምነግር ሁሉንም ባንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የምጽፈው በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ ከአንድ የግል ችግኝ ማፍያ ስለገዛኋቸው ሦስት ግራፍት የተደረጉ (ቀንበጣቸው ከሌላ ችግኝ ግንድ ጋር የተጣበቀ) የፕሪም ችግኞች ነው። አንዱ ሜትሌይ፣ ሁለቱ ሳንታ ሮዛ የሚባሉት ዓይነት ናቸው። አንዱን በ300 ብር፣ ሦስቱን በ900 ብር ገዛሁ። ማፍያው የስም ሰሌዳ የለውም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰውና ባለቤቱ በግቢያቸው የሚሠሩት ነው። ችግኞቹ ዋጋቸውን አውጥተዋል፣ ዛሬም ብሆን ከዚያው እገዛለሁ። ግን ሻጩ ካልጠየቁት የማይናገራቸው፣ ተናግሮም ለእኛ ብርድ ያልሠሩ ነገሮች ስላሉ፣ ልግዛ የሚል ሰው እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ተታልዬ ነበርና ከእሱ ልጀምር። ሐምሌ 2009 ከሌላ ሻጭ፣ በ80 ብር ሒሳብ፣ ሁለት "የፕሪም ችግኝ" ገዛሁ። ሰላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁበት ዓመት ነበር፤ ጓሮዬን አንድ ነገር ላደርገው ቆርጬ ነበር። "በሦስት ዓመት ያፈራል" አለኝ፣ አመንኩት። አንዱ መስከረም እንኳ አልደረሰም። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠወለገ፤ ክረምት ሙሉ ዝናብ እየወረደበት እንደ ውኃ ጥም ይጠወልጋል። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፣ ቅርፊቱ በጣት ሲነካ ይላላጣል፣ የረግረግ ሽታ ይሸታል። ሌላው ግን እንደ ባሕር ዛፍ ተመነደገ። በ2012 አፈራ። ፍሬው ጠጉር ለብሶ ነበር። ኮክ ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ፕሪም እያልኩ ውኃ ያጠጣሁት ዛፍ ኮክ ሆኖ ወጣ።

ሻጩ ዘንድ ሄጄ ስነግረው "ኮክና ፕሪም ዘመዳሞች ናቸው፣ ምን ልዩነት አለው" አለኝ። ዘመድ መሆናቸውስ እውነት ነው። ግን እኔ የከፈልኩት ለፕሪም ነው፤ ሦስት ዓመት ደግሞ በ80 ብር የሚመለስ ነገር አይደለም። ገንዘቡን አልጠየቅሁትም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው እንዳያታልል ነው የነገርኩት።

በኋላ እንደገባኝ የሆነው ይህ ነው። ፕሪምን ከፍሬው ደንጊያ ብናበቅለው እናቱን አይመስልም፤ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም። ስለዚህ ባለሙያው ከጥሩ የፕሪም ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ ከሌላ ችግኝ ግንድ ጋር ያጣብቀዋል። ግራፍት የሚባለው፣ አንዳንዱ ሻጭ "የተዳቀለ" የሚለው፣ እሱ ነው። በኛ አገር ብዙ ጊዜ ከታች የሚሆነው የኮክ ችግኝ ነው፤ ኮክ በቀላሉ ይበቅላልና። ከላይ ያለው የፕሪም ቀንበጥ ሳይይዝ ቢቀር ወይም ቢሞት፣ ከታች ያለው ኮክ የራሱን ቅርንጫፍ አውጥቶ ያድጋል። የኔ ያ ነበር። የመጀመሪያው ችግኝ የሞተውም በዚሁ ኮክ ምክንያት ይመስለኛል፤ የኮክ ሥር ውኃ ካቆረበት ይታፈናል፣ የኔ ጓሮ ደግሞ ውኃ የሚያቁር መረሬ አፈር ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ሻጭ። የወረርሽኙ ጊዜ ነበር፤ ሁለታችንም አፋችንን ሸፍነን ነው የተነጋገርነው። "ፕሪም አለህ?" ስለው እንደ ሌሎቹ "አለ" ብሎ ችግኝ አላነሣልኝም። "ቤትዎ የት ነው እትዬ? አፈሩስ ምን ዓይነት ነው? ስንት ዛፍ ማስቀመጫ ቦታ አለዎት?" አለኝ። እኔን ያሸነፈኝ ይህ ጥያቄ ነው። መረሬ ነው ስለው ራሱን ነቀነቀና "እንግዲያስ ከፍ አድርገው ካልተከሉት አልሸጥልዎትም" አለኝ። አልሸጥም የሚል ነጋዴ ያን ቀን አየሁ።

አንዱን ችግኝ አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረውና ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ትንሽ ጎበጥ ያለበትን ቦታ አሳየኝ። ከሱ በታች ቅርፊቱ ግራጫማና ሻካራ ነው፤ ከሱ በላይ ለስላሳና ቀላ ያለ። መገጣጠሚያው ላይ ጠባሳ አለ፣ ዙሪያውን ግን ሙሉ ለሙሉ ገጥሟል፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ የለውም። ከዚያ ከመገጣጠሚያው በላይ ያለውን ቅርፊት በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገው። ከሥሩ እንደ ሰላጣ የሚያበራ አረንጓዴ ወጣ። "ይቺን አረንጓዴ ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ" አለኝ። ቅጠሉንም አነጻጽሮ አሳየኝ። የኮክ ቅጠል ቀጭንና ረጅም ነው፣ እንደ ጎራዴ ሹል። የፕሪም ግን አጠር ብሎ ሰፋ ያለ ነው። ይህን በ2009 ዓ.ም. የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሦስት ዓመት አላጠፋም ነበር። ችግኝ ለመግዛት የምትሄዱ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱት፤ መገጣጠሚያውን ፈልጉ፣ ከሱ በላይ ያለውን ጫሩ፣ ቅጠሉን ተመልከቱ።

ስለ ዓይነቶቹም ነገረኝ። ሁለቱም የጃፓን ፕሪም ከሚባለው ወገን ናቸው። ሜትሌይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ነው፤ ሳንታ ሮዛን ሉተር በርባንክ የሚባለው አሜሪካዊ አዳቃይ ካሊፎርኒያ ውስጥ አውጥቷት በ1906 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለገበያ አቀረባት። ለኛ ዋናው ቁም ነገር ግን ብርዱ ነው። ፕሪም በዓመት አንድ ጊዜ ይተኛል፤ ሲተኛ ደግሞ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ በቂ ሰዓት ካላገኘ አያብብም። ሜትሌይ 250 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሳንታ ሮዛ 300 ሰዓትና ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። የአውሮፓ ፕሪም የሚባለው ዓይነት ግን ከ700 ሰዓት በላይ ስለሚፈልግ ለኛ አገር አስቸጋሪ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷን ያደረባት ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ይህ ብርድ ለበጎ ሆነልን።

እዚህ ላይ ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ ወገኖቼን ልለምናችሁ፤ አትግዙ። አዳማ ያለችው እህቴ ሳንታ ሮዛዬን አይታ ወዳ፣ ከዚሁ ሰው አንድ ችግኝ ወስዳ ተከለች። ዛፉ አምሯል፣ ቅጠሉ ጥላ ሆኗታል፣ አራት ዓመት ሙሉ ግን አንዲት አበባ አላየችም። ሻጩ ወደ የት እንደሚሄድ ስላልተነገረው እሱን አልወቅስም፤ መናገር የነበረብን እኛ ነን። ለሷ የሚሆናት ማንጎና ዘይቱን ነው።

ሁለት ሳንታ ሮዛ ስጠኝ ስለው "ያለ ሜትሌይ አይሆንም" ያለኝም እሱ ነው። ሜትሌይ በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል። ሳንታ ሮዛ ብቻዋን ጥቂት ብትይዝም፣ ሌላ የጃፓን ፕሪም አጠገቧ ሲያብብ ነው በደንብ የምታፈራው። ግቢያችሁ ለአንድ ዛፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሜትሌይን ውሰዱ።

አተካከሉን ከአባቴ ነው ያወጣሁት ማለት እችላለሁ። እኔ የሰሜን ሸዋ፣ የጅሩ ልጅ ነኝ። እነዋሪ አካባቢ መረሬው ክረምት ላይ ውኃ ስለሚያቁር፣ ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየሰበሰበ ሰፊ መደብ ይሠራል፣ በመሐሉ ቦይ ያወጣል፤ ስንዴውና ምስሩ መደቡ ላይ ሆኖ ውኃው በቦዩ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ጣቴ እስኪደነዝዝ ሠርቼዋለሁ። ሰውዬው "ከፍ አድርጊ" ሲለኝ ወዲያው የታየኝ ያ መደብ ነው። ጓሮዬ ላይ ሦስት ክብ መደብ፣ እያንዳንዱን አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና ከመሬት ጉልበት በታች ከፍታ አድርጌ፣ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ቀይ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ከመረሬው ጋር ቀላቅዬ ሠራሁ፤ ዙሪያውን ቦይ አወጣሁ። በመሐሉ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ቆፈርኩ። በዛፎቹ መሐል አራት አራት ሜትር ተውኩ። መገጣጠሚያው ከአፈሩ በላይ እንዲሆን በጣም ተጠነቀቅሁ፤ ከተቀበረ ከላይ ያለው ራሱ ሥር ያወጣና ግራፍቱ ትርጉም ያጣል። ትኩስ ፍግ ሥሩ ላይ አታድርጉ፣ ያቃጥለዋል። ያ ክረምት ኃይለኛ ነበር፤ ጎረቤቴ ጓሮ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ውኃ ሲቆም የኔ ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጀመሪያው መቁረጥ ነው። ቁመቱ ከወገቤ በላይ የሆነውን ችግኝ ከ70 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጪው አለኝ። ገና የተከልኩትን? እጄ እምቢ አለኝ። ሁለቱን ቆረጥኩ፣ አንዷን ሳንታ ሮዛ ግን አሳዘነችኝና ተውኳት። ዛሬ ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ሳይነገረው ያውቃል። የተቆረጡት ከዝቅታ ሦስት አራት ጠንካራ ቅርንጫፍ አውጥተው እንደ ዋንጫ መሐላቸው ተከፍቶ አድገዋል፤ ፀሐይ ውስጣቸው ድረስ ይገባል፣ ፍሬያቸውን ያለ መሰላል እለቅማለሁ። ያዘንኩላት እንደ ምሰሶ ወደ ላይ ተመዘዘች፤ ፍሬዋን ከላይ ወፍ ይጨርሰዋል።

በሁለተኛው ዓመት ሰውዬው ራሱ ቤቴ መጥቶ ዛፎቹን ገረዘልኝ። ለዚህ 200 ብር ከፈልኩት፤ ግማሽ ቀን ሠራ፣ ሁለቱንም የአትክልት መቀሶቹን በየዛፉ መሐል በአልኮል እየጠረገ። የጃፓን ፕሪም ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት በበቀለው ቀንበጥና በቆየው እንጨት ላይ በምትበቅለው አጭር እሾህ መሳይ ጉጥ ላይ ነው። እሷን ጉጥ የማያውቅ ሰው "ደረቅ ናት" ብሎ ይቆርጣታል፣ ከዚያ ፍሬ የለም ብሎ ያዝናል። ሰውዬው አንዷን በጣቱ ይዞ "ይቺን ከነኳት ጠብ ነው" አለኝ። የምትቆረጠው ወደ ውስጥ የሚያድገው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውና ቀጥ ብሎ የሚመዘዘው ነው። ከመገጣጠሚያው በታች የሚወጣውን የኮክ ቀንበጥ ደግሞ ባየሁት ቁጥር በእጄ ገንጥዬ እጥላለሁ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ሰውዬው "ኅዳር ላይ ቅጠሉን በእጅዎ አርግፉት" ብሎኝ ነበር። የኛ ብርድ እንደ ፈረንጅ አገር ቅጠሉን ሙሉ ለሙሉ ስለማያረግፈው፣ የቀረውን በእጅ ማርገፍ ዛፉን ባንድ ጊዜ ያስተኛዋል፤ ከወርና ከዚያ በኋላ ባንድ ላይ ያብባል። ዘዴው እውነት ነው። ወሩ ግን ለኛ አይሆንም። በ2014 ኅዳር አጋማሽ ላይ አረገፍኩ። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ሜትሌዩ ነጭ በነጭ ሆነ፤ ለገና መብራት የተሰቀለበት ነበር የሚመስለው። ልጆቹን ጠርቼ ፎቶ አስነሣኋቸው። ከዚያ በሦስተኛው ሌሊት ውርጭ ወረደ።

ጠዋት ስነሣ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፣ አበባው ግን እንዳማረ ነው። ተርፏል ብዬ ተመስገን አልኩ። ከሰዓት በኋላ አንዷን አበባ ቆርጬ በጥፍሬ ሰነጠቅኋት። ነጩ ቅጠሏ ምንም አልሆነም፤ መሐሏ ላይ ያለችው፣ ነገ ፍሬ የምትሆነው አረንጓዴ ዘንግ ግን ጠቁራለች። የክብሪት ጫፍ ትመስላለች። ሌላዋን ሰነጠቅሁ፣ ጠቁራለች። ሃያ አበባ ሰነጠቅሁ፣ ደህና ያገኘሁት ሁለት ነው። አበባው ሳምንት ሙሉ አምሮ ቆየ፣ ከዚያ እንዳለ ረገፈ። ያን ዓመት ከሜትሌዩ ያገኘሁት ፍሬ አሥራ አንድ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ለሰውዬው ደውዬ ስነግረው አልተከራከረም። ምክሩን የተማረው ሞቅ ካለ ቦታ እንደሆነ ነገረኝና "እርስዎ ባሉበት ሜዳ ላይ ውርጩ ይተኛል፣ አሳስቼዎታለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የማረግፈው ጥምቀት ሊደርስ ሲል ነው። አበባው የካቲት አጋማሽ በኋላ ይመጣል፤ ዋናው ውርጭ አልፏል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ሲመጣ ደግሞ ቀን ላይ መደቡን በደንብ አጠጣለሁ፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛልና፤ ማታ ትንሹን ዛፍ በአሮጌ ብርድ ልብስ እሸፍነዋለሁ። ብርድ ልብስ ደግሞ በደብረ ብርሃን ሞልቷል።

ይህም የራሱ ዋጋ አለው። አበባው ሲዘገይ ፍሬውም ይዘገያል። ሜትሌይ ቀድሞ ስለሚበስል ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይለቀማል፣ ምንም አይሆንም። ሳንታ ሮዛ ግን ከሱ ሳምንታት ዘግይታ ስለምትበስል ክረምቱ ይቀበላታል። ሳትበስል አትለቀም፣ ስትበስል ደግሞ ዝናቡ ልጣጯን ይሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀው በሁለት ቀን ቡናማ ሻጋታ ያወጣል። ዘንድሮ ከሁለቱ ሳንታ ሮዛ ካገኘሁት ሲሶው እንዲህ ተበላሸ። ስለዚህ እንደኛ ብርዳም ለሆነ ሜዳ ዛሬ የምመርጠው ሁለት ሜትሌይና አንድ ሳንታ ሮዛ ነው እንጂ እኔ እንዳደረግሁት አይደለም።

ጣዕሙን ልንገራችሁ። ሜትሌይ ትንሽ ነው፣ ከሎሚ አይበልጥም፤ ልጣጩ ጥቁር ቀይ፣ ውስጡ እንደ ቀይ ሥር የቀላ፣ ሲነክሱት ጭማቂው እስከ ክንድ ይወርዳል። ልጆች የሚወዱት እሱን ነው። ሳንታ ሮዛ ተለቅ ትላለች፣ ውስጧ እንደ ማር ወርቃማ ነው፤ ሥጋዋ ጣፋጭ ሆኖ ልጣጯ አጠገብ ሆምጠጥ ትላለች። እኔ የሷ ወገን ነኝ። ከገበያ የሚገዛው ፕሪም ጥሬውን ተለቅሞ በመንገድ ላይ የቀላ ስለሆነ ይህን ጣዕም አታገኙበትም። መድረሱን የምታውቁት በቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ይመጣል። ጫፉን በአውራ ጣት ነካ ስታደርጉት ለስለስ ካለ፣ ዘወር ስታደርጉት ሳይታገል ከነዘንጉ ከተላቀቀ ደርሷል። ላዩ ላይ ያለውን ዱቄት መሳይ ነጭ ነገር መድኃኒት የተረጨ መስሏቸው የሚፈሩ አሉ፤ የራሱ ነው፣ እንዲቆይ የሚረዳው እሱ ነው፤ ልትበሉት እስክትሉ ድረስ በውኃ አትጠቡት።

የፍሬውን ብዛት በተመለከተ በ2015 ሦስቱ ተደምረው አራት ኪሎ አልሞሉም። በ2016 ሜትሌዩ ከመጠን በላይ ያዘ፤ ደስ ብሎኝ አንዷንም ሳልነካ ተውኩት። ግንቦት ላይ አንድ ሌሊት ትልቁ ቅርንጫፍ ከነፍሬው ተገንጥሎ ወደቀ። ሰውዬው ነግሮኝ ነበር፤ ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር ሲያክል አራግፊ፣ በአንዱና በሌላው መሐል አራት ጣት ይኑር ብሎኝ ነበር። ዘንድሮ አራገፍኩ፤ ከሜትሌዩ ብቻ 19 ኪሎ ተመዘነ፤ ፍሬውም ከአምናው ተለቅ ያለ ነው።

ጠላቱ ብዙ ነው ብዬ አላስፈራራችሁም። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ አዲስ ቀንበጥ ላይ ይሰፍርና ቅጠሉን ይጠቀልለዋል፤ ቶሎ ካያችሁት በሳሙና ውኃ ይታጠባል። ጅራታቸው ረጅም የሆነ ግራጫ ወፎች በቡድን መጥተው ፍሬውን ይወጉታል፤ መረብ ከመሸፈን ሌላ የሠራልኝ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ከሳንታ ሮዛዋ ግንድ ላይ እንደ ዕጣን የሚያብረቀርቅ ሙጫ መውጣት ጀመረ። ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁለት፣ በዚያው ማታ መለሰልኝ። ቁስሉ ከየት እንደመጣ በፎቶው ላይ አክብቦ አሳየኝ፤ ሣር ስቆፍር ዶማዬ ነክቶታል። የሞተውን ቅርፊት ጤነኛው እስኪታይ ድረስ በንጹሕ ቢላ አንሺ፣ ግንዱ ላይ ውኃ አታፍስሺ አለኝ። ደረቀ፣ ዳነ። ከሸጠልኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ይህን የሚያደርግልኝ፣ አንድ ብር ሳይጠይቅ። እንዲህ ያለ ሻጭ ሊመሰገን ይገባዋል፤ እኔም ከልቤ ነው የማመሰግነው።

የቀሩኝን ቅሬታዎች ባጭሩ ላስቀምጥ። የዓይነቱን ስም ፕላስቲኩ ላይ በማርከር ነው የሚጽፈው፤ ፀሐይ አንድ ወር ውስጥ ያጠፋዋል። የቱ የቱ እንደሆነ የለየሁት ራሴ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ በሚስማር ጭሬ ስላሰርኩበት ነው። ከታች ያለው ግንድ ኮክ መሆኑን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም፤ ይህ ለመረሬ ሰው የሞት ሽረት ጉዳይ ነውና መጀመሪያ ሊናገረው ይገባል። ደረሰኝ አይሰጥም። ዋጋውም በ2017 700 ብር ገብቶ ነበር። ውድ ነው ብዬ ግን አላማርርም፤ አንድ ኪሎ ፕሪም ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ያሰላዋል።

ከተሰነጠቀውና ወፍ ከነካው ፍሬ ማርማላታ ሠራሁ። አንድ ኪሎ ከደንጊያው የተላቀቀ ፍሬ፣ 600 ግራም ስኳር፣ ሌላ ምንም የለውም። ልጣጩን አታውጡት፣ የሚያረጋው እሱ ነው። በዝግታ እሳት፣ አረፋውን እየገፈፉ፣ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ ሲደረግ ሳይፈስ ቀጥ እስኪል። ፕሪሙ የሚደርሰው ከሰኔ ጾም ጋር ስለሆነ ዳቦ በማርማላታ የጾም ቁርሳችን ሆኗል፤ ለአጥቢያችን ካህናትም ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለሰውዬው ደወልኩ። አንድ ሜትሌይ አዝዣለሁ፣ በዚያች ሳትቆረጥ በተመዘዘችው ሳንታ ሮዛ ቦታ የሚተከል አይደለም፤ እሷን መጪው ጥምቀት ሊደርስ ሲል መጥቶ ከላይ ዝቅ አድርጎ ሊቆርጥልኝ ተስማምተናል። አዲሱ ቀን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ነው የሚገባው። መደቡን ከልጅ ልጄ ጋር ቅዳሜ ዕለት ሠርተን ጨርሰናል፤ አፈሩን በእጁ ነው የሰበሰበው።